በቤቴ መዝጊያ ላይ ስለተለጠፈው ቀይ ወረቀትና ስለ ዐሥራ ሁለቱ ነጭ ቀሚሶች

ለክቡር ዶን ኤሪቤርቶ ሎሳዳ
የፑዌርቶ ካንዴላ ከተማ የንጽሕና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ፣ ከወንዙ የሚነሣው ይህ የሚያፍን ሙቀት እንዴት እንዳደረገዎ፣ ይልቁንም እንቅልፍዎ እንዴት እንደሆነ እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎን ለይቼ የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱን ግን ደብዳቤው ሲያልቅ እነግርዎታለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ጊዜ ሲያመላልሰኝ አጥብቆ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር መጠበቅ ነውና።

እኔ ኦብዱሊያ ታራሶና እባላለሁ። ከዓሣ ገበያው በላይ ካለው ዳገት ላይ፣ አንድ ክፍልና አንድ ኩሽና ባላት ቤት የምኖር፣ ባሌ የሞተብኝ ልብስ ሰፊ ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ የዚህን ከተማ ልጃገረዶች የመጀመሪያ ቁርባን ቀሚስ ስሰፋ ኖሬአለሁ። ስሜን ሰምተው የማያውቁ ከሆነ አይቸገሩ፤ ጽሕፈት ቤትዎ በትልልቅ ፊደል ጽፎ በቤቴ መዝጊያ ላይ ለጥፎታል። «የኦብዱሊያ ታራሶና ቤት። ትኋን ተገኝቶበታል። ጨርቅ ማስገባትም ሆነ ማስወጣት ክልክል ነው» ይላል፣ በቀይ ወረቀት። አርባ ዓመት ስሠራ ለራሴ አንድም ማስታወቂያ ለጥፌ አላውቅም ነበርና፣ ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ።

ጉዳዬ አጭር ነው። በመጪው እሑድ ዐሥራ ሁለት ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ይቆርባሉ። የዐሥራ ሁለቱም ቀሚስ ተሰፍቶ፣ ታጥቦና ተተኩሶ ቤቴ ተቀምጧል። በሁለተኛው ማስጠንቀቂያዎ መሠረት ደግሞ ከነገ ወዲያ ሐሙስ ጠዋት የጽሕፈት ቤትዎ መኪና መጥቶ በመኝታ ክፍሌ ያለውን ጨርቅ በሙሉ ጭኖ ወንዝ ዳር ወስዶ ያቃጥላል። መኝታ ክፍሌ ማለት ደግሞ ቤቴ ማለት ነው። ይህ እንዳይሆን ሦስት ማመልከቻ አስገብቼ ነበር፤ ሦስቱም ላይ የሚያምር ማኅተም አረፈባቸውና ከዚያ ወዲያ የት እንደ ገቡ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ስለዚህ ይህን አራተኛውን በቤተ ክርስቲያኑ ሰሌዳ፣ በገበያው በርና፣ ለክብርዎ ስል፣ በራሴ መዝጊያ ላይ ከቀዩ ወረቀትዎ ሥር ለጥፌዋለሁ። ቅሬታዎቼን ጽሕፈት ቤትዎ እንደሚወደው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። «ትኋንን በብልህ የመኝታ ክፍል አቀማመጥ መከላከል» የሚለውን መጽሐፍ በየቤታችን ስላደሉን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሥዕሎቹ ልብ ይማርካሉ። ገጽ ሦስት ላይ ያለችው ሴት አልጋዋን ከአራቱም ግድግዳ አርቃ መካከል ላይ አቁማ፣ ዙሪያዋን እየተንሸራሸረች ፈገግ ትላለች። እኔም እሷን አይቼ አልጋዬን መካከል አቆምኩ። ክፍሌ ግን በአንድ በኩል አምስት በሌላው አራት እርምጃ በመሆኗ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከስፌት መኪናዬ ወደ ኩሽና የምሄደው አልጋዬ ላይ ወጥቼ በዚያኛው በኩል በመውረድ ነው። በስድሳ አንድ ዓመቴ እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ለጉልበት ጥሩ ነው ይባላል። ገጽ ሰባት ደግሞ «የማይለበሱ ልብሶችን በእንግዳ ክፍል ያስቀምጡ» ይላል። የእንግዳ ክፍሌን ብፈልግ አጣሁት፤ ምናልባት በከተማው ካርታ ላይ ካለ ቢጠቁሙኝ።

ሆኖም ሐቁን ላስቀር አልፈልግም፤ መጽሐፉ ውሸት አልጻፈም። ከአልጋ ሥር ምንም አይኑር አለ፤ የሟች ባሌን የዓሣ መረብ፣ አሮጌ ሻንጣውንና ቁርጥራጭ የሞላውን ጆንያ አወጣሁ። ጨርቅ ሁሉ ክዳኑ ግጥም በሚል፣ ውስጡ በሚታይ የፕላስቲክ ሳጥን ይቀመጥ አለ፤ አስቀመጥኩ። ሳይታጠብና ስፌት ስፌቱ በጋለ ካውያ ሳይተኮስ ወደ ሳጥን የሚገባ አይኑር አለ፤ ይህንስ ሳይነግሩኝም አደርገው ነበር። አንሶላው ወለል እንዳይነካ ጠርዙን አሳጠርኩ፤ የአልጋውን እግሮችም ጣሳ ውስጥ አቆምኩ። ቤቴ እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ የምፈልገው መቀስ እንኳ በመጀመሪያው ፍለጋ ይገኝ ጀመር። ገጽ ዐሥራ አንድ ደግሞ «ከሌላ ቤት የመጣ ዕቃ፣ በተለይ ጨርቅ ያለበትና የእንጨት መገጣጠሚያ ያለው፣ ሳይፈተሽ ወደ መኝታ ክፍል አይግባ» ይላል። ይህችን ገጽ በአእምሮዎ ይያዙልኝ።

ሁለተኛ። መጽሐፍዎ ካርቶንና የቆየ ወረቀት የትኋን መደበቂያ ናቸው ስላለ፣ ከአልጋዬ ሥር የነበሩትን ሦስት ካርቶኖች በገዛ እጄ ጓሮ ወስጄ አቃጠልኩ። ካርቶኖቹ ውስጥ የነበረው የልኬት ወረቀት ነው፤ የአርባ ዓመት ሥራዬ፣ የእያንዳንዷ ሴት ትከሻና ወገብ፣ ስሟና ቀኑ የተጻፈበት። ከእነዚያ ሴቶች ብዙዎቹ ዛሬ አፈር ለብሰዋል። ከወረቀቶቹ ሥር የባሌ የሸሚዝ ልኬት ነበረ፤ አንገቱ ዐሥራ ስድስት ኢንች ተኩል ነበር። ሲቃጠል ቆሜ አለቀስኩ፤ ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም፣ ትእዛዝዎ በሙሉ ልብ መፈጸሙን እንዲያውቁት እንጂ። በነገራችን ላይ በአንዱም ካርቶን ውስጥ አንድ ትኋን አልነበረም።

ሦስተኛ። ተቆጣጣሪዎ፣ አጉሊ መነጽር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ትሑት ሰው፣ ከሁለት ወር በፊት፣ ወሩ በገባ በዐሥራ ስምንተኛው ቀን መጡ። ፍራሹን ገለበጡ፣ የአልጋውን ርብራብ አንድ በአንድ አዩ፣ ሳጥኖቹን ከፈቱ፣ ዘጉ። ከዚያ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና፣

«ዶኛ ኦብዱሊያ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ እንዲህ የጸዳ ቤት አይቼ አላውቅም» አሉኝ።

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ከራስጌዬ ካለው ኮሞዲኖ መገጣጠሚያ ውስጥ አንዲት ትኋን በመርፌ ጎትተው አወጡ። መርፌውም የእኔ ነበር።

«አንድ ናት እኮ» አልኳቸው።

«አንድም ብትሆን አንድ ወረቀት ነው፣ መቶም ብትሆን አንድ ወረቀት ነው። እኔ ምን ላድርግ፣ እማማ?» አሉና ለጠፉ።

ኮሞዲኖውን አቃጠልኩት። በሚቀጥለው ወር፣ በዐሥራ ዘጠኝ ሲመለሱ፣ በምትኩ ከራስጌዬ ባቆምኩት የብረት ጠረጴዛ ላይ ካነጠፍኩት ጨርቅ እጥፋት ውስጥ ሁለት አገኙ። ያን ጊዜ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያና የሐሙሱ ቀጠሮ መጣ። ከዚያ ወዲህ የልጆቹ እናቶች በእኔ ደጅ ማለፍ ትተው በማዶው መንገድ ይሄዳሉ። አንዷ እንዲያውም ከማዶ ሆና፣ «ዶኛ ኦብዱሊያ! ቀሚሱ ውብ ሆኗል አሉ፤ ወረቀቱ እስኪነሣ ግን እዚያው ይቆይልኝ!» ብላ ጮኸች። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ሌሎቹ ባይጮኹም ቁርጥ ያለ መልእክት ልከዋል፤ ወረቀቱ ካልተነሣ አንድም ቀሚስ ከቤቴ አይወጣም። እኔ ልቆጣ እንኳ አቅሙ አልነበረኝም፤ ደክሞኝ ነበር፣ አሁንም ደክሞኛል።

አራተኛ። አሁን ወደ ገጽ ዐሥራ አንድ እንመለስ። እንደሚያውቁት በእኛ ዳገት በየወሩ ሠላሳ ቤተ ሰብ ተራ ገብቶ የእመቤታችንን ምስል ይቀበላል። ባለ ሁለት መዝጊያዋ ትንሿ የእንጨት ቤቷ፣ መስተዋቷ፣ ከውስጥ በጥጥ ላይ የተወጠረው ቀይ ከፋይ፣ ከሥር የምጽዋት ቀዳዳዋ፤ አያቶቻችን እንደተዉልን ናት። እያንዳንዱ ቤት አንድ ቀን ያስተናግዳታል፣ በማግሥቱ አመሻሽ ላይ ለቀጣዩ ጎረቤት ያስረክባል። ሳሎን ያለው ሰው እንኳ ሳሎን አያስቀምጣትም፤ በረከቷ ለተኛው ሰው እንዲደርስ እየተባለ ከራስጌ፣ ቤት ካፈራው ጨርቅ ሁሉ ምርጡ ላይ ትቀመጣለች። የእርስዎ ቤት ዐሥራ አራተኛ ነው፤ የእኔ ዐሥራ አምስተኛ። ዝርዝሩን የምትይዘው ጓደኛዬ ሉዲቪና ዐሥራ ስድስተኛ ናት።

ክቡር ሆይ፣ እኛ ከጎረቤት የተዋስነውን ወንበር እንፈትሻለን። ከመንገድ የመጣ ዘመድ ሻንጣውን ደጅ እንዲያራግፍ እናደርጋለን። የእመቤታችንን ቤት ግን ማን ይፈትሻል? ባለፈው ሐሙስ፣ በዐሥራ አምስት፣ ተራዬ ደርሶ ስቀበላት የከፋዩ ጠርዝ ተተርትሮ አየሁ። ለእኔ የተተረተረ ጠርዝ ማየት ደግሞ እንደ ጥርስ ሕመም ነው፣ ዝም ብዬ ልቀመጥ አልችልም። በማግሥቱ ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ልጠቅመው ከፋዩን ገለጥ ሳደርግ፣ በእጥፋቱ ውስጥ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ። መጽሐፍዎ ገጽ አምስት ላይ በቀለም ያሳየን ያው ነበር። ጥጡን ሳነሣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ወጡ።

ሉዲቪናን ጠራኋት። አየችና አማተበች።

«ዝጊው! ዝጊው እባክሽ!»

«ብዘጋው ይሞታሉ?»

«አንቺ ሴት፣ እመቤታችን ትኋን አመጣችብኝ ብለሽ ልታወሪ ነው? ሰማዩ አይደረመስብሽም?»

«እሷ አላመጣችም፣ ሉዲ። እኛ ነን የጫንባት።»

ይህን እያልኳት አንገቷን ታክካለች። ያ ምንድን ነው ብላት «ሙቀት ነው» አለችኝ። ዝርዝሩን ይዘን ከላይ እስከ ታች በየቤቱ ጠየቅን። ከቤት ቁጥር አንድ እስከ ሠላሳ፣ እርስዎ ዘንድ ስላልደፈርን ከአንዱ በቀር፣ የሁሉም ሰው አንገትና ክንድ ሽፍታ አለበት፤ የሁሉም ምክንያት ሙቀት ነው። ብዙዎቹ የእርስዎን መጽሐፍ ቃል በቃል ፈጽመዋል፤ አልጋቸው መካከል ቆሟል፣ ሳጥኖቻቸው ተከድነዋል። ቤቱን ከአራቱም በኩል ዘግተን፣ እንግዳዋን ግን በአምስተኛው በር ተቀብለን ከራስጌያችን አስቀመጥናት። ከማን ቤት እንደ ተጀመረ አላውቅም፣ ለማወቅም አልፈልግም። የእኔ ቤት ጥፋት ከተቆጣጣሪዎ ጋር በቀን መገጣጠሟ ብቻ ነው፤ እመቤታችን በሄደች በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ሁልጊዜ እሳቸው ይመጣሉ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን አምኜ ልናገር። እመቤታችንን አንድ ቀን ትርፍ አሳደርኳት፤ ይህ በዳገታችን ታሪክ ሆኖ አያውቅም። ከፋዩን አውጥቼ ቀቀልኩ፣ ጥጡን አቃጠልኩ። የእንጨቱን መገጣጠሚያ በመርፌ ጠርጌ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት፤ ፀሐይ ላይ አድርቄ ስንጥቁን ሁሉ በሻማ ሰም ደፈንኩ። ከቁርባን ቀሚሶቹ የተረፈውን ነጭ ጨርቅ ገጣጥሜ አዲስ ገበር ሰፋሁላት፤ ገበሩ በጥብጣብ ስለሚታሰር እያንዳንዱ ቤት ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ተኩሶ ማስረከብ ይችላል። ከቤት ወደ ቤት ስትሄድም እንድትገባበት ክዳኑ ግጥም የሚል ትልቅ ሳጥን አዘጋጀሁ። ሉዲቪና ቅዳሜ ልትወስዳት ስትመጣ ሳጥኑን አይታ ደነገጠች።

«እመቤታችንን እንደ ሩዝ በፕላስቲክ ልትከቻት ነው?»

«ሩዙንስ የምንከድነው ስለምንሳሳለት አይደል?»

አሰበች፣ አሰበችና ክዳኑን ራሷ ገጠመችው። ከዚያች ቀን ወዲህ በእኔ ቤት ማንም አልተነከሰም፤ ተቆጣጣሪዎ መጥተው እንዲያዩልኝ ሰኞ ጽሕፈት ቤትዎ ስመጣ ግን በመስኮቱ ያለችው ሴት «በመዝገቡ ቀይ ነዎት፤ ቀይ ከሆኑ ቀጣዩ መኪናው ነው፣ ተቆጣጣሪው አይደለም» አለችኝ። እርስዎም ስብሰባ ላይ ነበሩ።

አምስተኛ። የምለምነው ሦስት ነገር ነው። ሐሙስ መኪናው አይምጣ። ቀዩ ወረቀት ከእሑድ በፊት ይነሣ። ገጽ ዐሥራ አንድ ላይ «የተከበረ እንግዳም ቢሆን» የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት። ደንብ ደንብ ነው የሚሉኝ ከሆነ ደግሞ ደንቡ ሃያ ዘጠኝ ተጨማሪ ቀይ ወረቀት ይፈልጋል፤ ከእነዚያም አንዱ የሚለጠፈው ቤት ቁጥር ዐሥራ አራት ላይ ነው። እኔ ይህን ለማንም አልመኝም። በቀይ ወረቀት ሥር መግባትና መውጣት ምን እንደሆነ ሁለት ወር አይቼዋለሁ፤ ሰው ገላውን ታጥቦ እንኳ ቆሻሻ ነኝ ብሎ ማመን ይጀምራል። ዐሥራ ሁለቱ ልጆች ግን ነጭ ለብሰው መቁረብ አለባቸው፤ ቀሚሶቹን የሰፋሁት እሳት እንዲበላቸው አይደለም።

አልጋዎ ከግድግዳ፣ ጽሕፈት ቤትዎም ከተገልጋዩ እንደ ራቁ እንዲቆዩ፣ ሳጥንዎ ሁሉ በክዳኑ ግጥም እንዲል፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ ለደረሰኝ ትምህርትና ለጠፉት ሦስት ማመልከቻዎቼ ደግሜ በማመስገን፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የመዝገብዎ ቀይ ተገልጋይ፣
ኦብዱሊያ ታራሶና
የቁርባን ቀሚስ ሰፊ

ከፊርማዬ በታች የተጨመረ፦ እንቅልፍዎን ለምን እንደጠየቅሁ እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። ክብርት ባለቤትዎ ዶኛ ሶራይዳ ከሁለት ሳምንት በፊት አምስት ሸሚዝ አዘውኝ ነበር፤ እጅጌው እስከ አንጓ፣ አንገቱ እስከ አገጭ፣ በዚህ ሙቀት። ልብስ ሰፊ ልኬት ስትወስድ ክንድ ታያለችና ሽፍታውን አየሁ። ቅዳሜ ዕለት ሁለቱን ሊወስዱ በጓሮ በኩል፣ በዶሮዎቼ መካከል አልፈው መጡ። «ሙቀት ነው ብልሽ አንቺም ትስቂብኛለሽ» አሉኝ። «ስነግረው ‹በእኔ ቤት?› ብሎ ይቆጣል። አንቺ ጻፊለት፤ ከእኔ አፍ ሲሆን አይሰማም፣ ወረቀት ሲሆን ግን ያነባል። ደግሞ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ለጥፊው፣ አለዚያ መሳቢያ ይገባል። የእኔንም ጻፊ፣ ግድ የለም፤ ታክቶኛል።» እነሆ ጻፍኩ። የቀሩት ሦስቱ ሸሚዞች ከዐሥራ ሁለቱ ነጭ ቀሚሶች ጎን በተከደነ ሳጥን ተቀምጠዋል፤ ሐሙስ መኪናው ከመጣ አብረው ይሄዳሉ። ካልመጣ ግን እርስዎ ራስዎ መጥተው ይውሰዱላቸው፣ በጓሮ ሳይሆን በፊት ለፊት። ወረቀቱን እንዲልጡበት ሙቅ ውሃና ጨርቅ ደጃፉ ላይ አስቀምጥልዎታለሁ፤ እግረ መንገድዎንም የእርስዎን የእጅጌ ልኬት እወስዳለሁ።